ያረጀ የአረብ ብረት ፋብሪካን ማዘመን፦ ምን ይለካል፣ ምን ይቀየራል፣ የት ይሰናከላል

አርባ ዓመት የሠራ ፋብሪካ ይታደስ ሲባል ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «የትኛውን ማሽን እንግዛ?» የሚለው ነው። ከዚያ በፊት ግን መልስ የሚያስፈልገው ሌላ ጥያቄ አለ፦ ብረቱ የት ቦታ፣ ስንት ደቂቃ፣ ምን እየጠበቀ ይቆማል? ይህን ሳያውቅ ማሽን የገዛ ፋብሪካ አዲሱ ማሽን ራሱ ቆሞ ሲጠብቅ ያገኘዋል።

እዚህ በዋናነት የምናየው ቁርጥራጭ ብረት በኤሌክትሪክ አርክ፣ ማለትም በኃይለኛ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በሚሠራ ምድጃ አቅልጦ፣ ቢሌት የሚባለውን ረጅም ባለ አራት ማዕዘን ብረት ጥሎ፣ ማለትም ፈሳሹን በቅርጽ አርግቶ፣ በመጨረሻ ፌሮ ወይም ሽቦ የሚያወጣውን ፋብሪካ ነው። ከማዕድን የሚጀምረውን ትልቁን ፋብሪካ ወደ መጨረሻው እናነሳዋለን።

መጀመሪያ ሰዓትና ሚዛን

ቢያንስ ለአንድ ወር እያንዳንዱ ዙር ቅልጥ በደቂቃ ይመዘገባል። ዙር ማለት ምድጃው ፈሳሹን ካፈሰሰበት ጊዜ አንስቶ ቀጣዩን እስከሚያፈስበት ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ኃይል የበራበት ጊዜ ለብቻ፣ የጠፋበት ጊዜ ለብቻ፣ የጠፋበትም ምክንያት ከነስሙ ይጻፋል፦ ቁርጥራጭ ለመጨመር፣ ኤሌክትሮድ (ጅረቱን ወደ ምድጃው የሚያስገባው የካርቦን ዘንግ) ለመቀጠል፣ የእሳት ቻይ ጡቡን ለመለጠፍ፣ ክሬን እስኪመጣ፣ ናሙና ከላቦራቶሪ እስኪመለስ። አሮጌ ምድጃ ላይ ከጠቅላላው ጊዜ አንድ ሦስተኛው ያለ ኃይል ሲያልፍ ማየት የተለመደ ነው። ይህን ጊዜ ማሳጠር አዲስ ትራንስፎርመር ከመግዛት እጅግ ይረክሳል።

ከዚያ ሒሳቡ ይሠራል። 40 ቶን የሚያፈስ ምድጃ በ100 ደቂቃ አንድ ዙር ከጨረሰ በቀን 14.4 ዙር፣ ማለትም 576 ቶን ያወጣል። በእድሳት ዙሩ ወደ 60 ደቂቃ ቢወርድ 24 ዙር፣ 960 ቶን ይሆናል። ቢሌቱን በሮለሮች መካከል እየደፈጠጠ ፌሮ የሚያደርገው የሮሊንግ ሚል አቅም ግን በሰዓት 35 ቶን ቢሆንና በቀን 20 ሰዓት ቢሠራ የሚያሳልፈው 700 ቶን ብቻ ነው። ልዩነቱ፣ በቀን 260 ቶን፣ ግቢ ውስጥ እየተደረደረ ይቀዘቅዛል። ቢሌት የሚገዛ ደንበኛ ካለ ደግ ነው፤ ከሌለ ግን ምድጃው ላይ የወጣው ገንዘብ ክምር ብረት ሆኖ ተቀመጠ ማለት ነው። ማነቆው ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እንደሚዛወር ቀድሞ በወረቀት ላይ መታየት አለበት።

ሚዛኑም እንደዚሁ። አንድ ቶን ፈሳሽ ብረት ለማግኘት ከ1.1 እስከ 1.15 ቶን ቁርጥራጭ ይገባል። በአሮጌ ፋብሪካ የቁርጥራጩ ሚዛን፣ የክሬኑ ሚዛንና የቢሌቱ ሚዛን የሚስማሙበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሦስቱ ሳይስማሙ «ብክነታችን ይህን ያህል ነው» የሚል ቁጥር ግምት ነው። ስለዚህ ከእድሳቱ ዕቃዎች ሁሉ ቀድሞ መገዛት ያለበት ትክክለኛ ሚዛን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ቁርጥራጭ ግቢው

ማንም ሊያድሰው የማይጓጓለት፣ ብዙ ትርፍ የሚገኝበት ቦታ ይህ ነው። ለ40 ቶን ፈሳሽ 45 ቶን ቁርጥራጭ ያስፈልጋል እንበል፤ የመጫኛ ቅርጫቱ ደግሞ 30 ሜትር ኩብ ይይዛል። ቁርጥራጩ ቀላልና የተበታተነ ሆኖ በሜትር ኩብ 0.4 ቶን ብቻ ቢመዝን አንድ ቅርጫት 12 ቶን ስለሚይዝ 4 ጊዜ መጫን ግድ ነው። በመቁረጫና በመጭመቂያ ማሽን ተዘጋጅቶ 0.75 ቶን ቢደርስ 22.5 ቶን ይይዛል፤ 2 ጊዜ ይበቃል። ቅርጫት በተጨመረ ቁጥር ኃይል ይጠፋል፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ ሙቀቱ ወደ ጣሪያው ይወጣል፤ በየጊዜው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይሄዳል።

የሚጎዱት ነገሮችም የሚያዙት እዚሁ ነው። ግፊት ያለበት ወይም የተዘጋ ሲሊንደር፣ ውሃ የቋጠረ ቁርጥራጭና በረዶ ምድጃ ውስጥ ይፈነዳሉ። መዳብና ቲን (የጣሪያ ቆርቆሮ ሳይሆን ማዕድኑ) ከብረት ጋር አንዴ ከቀለጡ በኋላ በማቅለጥ ሂደት አይወጡም፤ ሲበዙ ብረቱ በትኩስነቱ ሲደፈጠጥ ላዩ ይሰነጠቃል። የሞተርና የሽቦ ቁርጥራጭ ከመግቢያው ተለይቶ መውጣት ያለበት ለዚህ ነው። በሩ ላይ የጨረር መለኪያ መትከልም የቅንጦት ዕቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 በደቡብ ስፔን፣ በአልኸሲራስ አቅራቢያ ባለ ፋብሪካ ውስጥ አንድ የሲዚየም 137 ምንጭ ከቁርጥራጭ ጋር ሳይታወቅ ቀልጦ ብናኙ በአውሮፓ ሌሎች አገሮች ድረስ ተለክቷል። ሲዚየም በሙቀት ስለሚተን በብረቱ ውስጥ አይቀርም፤ የሚገኘው በማጣሪያው ብናኝና በአየሩ ውስጥ ነው።

ምድጃው

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ አንድ ጥሩ አርክ ምድጃ ለአንድ ቶን ከ600 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኤሌክትሪክና ከ6 ኪሎ ግራም ያላነሰ ኤሌክትሮድ ይፈጅ፣ አንድ ዙር ለመጨረስም 3 ሰዓት ገደማ ይወስድ ነበር። ዛሬ በደንብ የተያዘ ምድጃ ከ350 እስከ 400 ኪሎዋት ሰዓት፣ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ግራም ኤሌክትሮድ፣ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ይበቃዋል። ይህን ልዩነት አንድ ማሽን አላመጣውም፤ የትራንስፎርመሩ ኃይል፣ የኦክስጅን አጠቃቀም፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ግድግዳ፣ ከታች የሚያፈስ ቀዳዳ፣ የላድል (ፈሳሹን ብረት የሚቀበለው ትልቅ ባልዲ) ምድጃና አረፋማ ስላግ ተደማምረው ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ትንሽ ወጪ ጠይቆ ብዙ የሚመልሰው አረፋማ ስላግ ነው። ስላግ በፈሳሹ ላይ የሚንሳፈፈው የኖራና የቆሻሻ ቅልጥ ነው። ቁርጥራጩ ቀልጦ ሲያልቅ አርኩ ራቁቱን ይቀራል፤ ጨረሩ ግድግዳውንና ክዳኑን ይበላል። የዚያን ጊዜ ኦክስጅንና የከሰል ዱቄት አብረው ወደ ስላጉ ይነፋሉ። ካርቦኑ በስላጉ ውስጥ ካለው የብረት ኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል፤ ጋዙ ስላጉን እያነሳ አርኩን ይሸፍነዋል። አርኩ ከተሸፈነ በረጅም አርክና በከፍተኛ ቮልቴጅ መሥራት ይቻላል፤ ኤሌክትሮዱም ከዚያ በኋላ የሚያልፍበት ጅረት አነስ ስለሚል ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው።

አረፋው እንቢ የሚልባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። ስላጉ ውሃ ሆኖ ከቀጠነ ጋዙ ሳይያዝ ያመልጣል፤ ያልሟሟ ኖራ በዝቶበት ከደረቀም አይነሳም። ኖራው አርጅቶ እርጥበት ከጠጣ በደንብ አይሟሟም፤ ሃይድሮጅንም ወደ ብረቱ ይዞ ይገባል። ማግኒዥየም ኦክሳይድ ከ8 እስከ 10 በመቶ እንዲሆን የተቃጠለ ዶሎማይት ይጨመራል፤ ያለበለዚያ ስላጉ የጎደለውን ማግኒዥየም ከምድጃው ጡብ ላይ እየላሰ ይወስዳል። መሣሪያ በሌለበትም ጆሮ ይፈርዳል፦ አረፋው ሲነሳ የምድጃው ጩኸት ወደ ጉርምርምታ ይወርዳል። ጩኸቱ ካልወረደ ኃይሉን ዝቅ ማድረግ ነው እንጂ «ይነሳል» እያሉ ግድግዳ ማቃጠል አይገባም።

ሁለተኛው ለውጥ ፈሳሹን ሁሉ አለማፍሰስ ነው። ከጠቅላላው 15 በመቶ ገደማ ምድጃው ውስጥ ሲቀር ቀጣዩ ቁርጥራጭ ፍም ባለበት ምድጃ ላይ እንደተጨመረ እንጨት ቶሎ ይያያዛል። ከታች በጎን በኩል በሚከፈት ቀዳዳ ማፍሰስ ሲጀመርም ስላጉ ወደ ላድሉ አይከተልም። በአሮጌው አፍ ተዘንብሎ ሲፈስ ስላጉ አብሮ ይወርዳል፤ በስላጉ የተያዘው ፎስፈረስ ወደ ብረቱ ይመለሳል፣ ኦክስጅን ለማውጣት የተጨመረው አሉሚኒየምና ሲሊኮንም በስላጉ ይበላል። ቅይጥ ብረት ላይ የሚወጣው ወጪ ለምን እንዳበጠ የማያውቅ ፋብሪካ ብዙውን ጊዜ ይህን ሳያይ ቀርቶ ነው።

በውሃ የሚቀዘቅዝ ግድግዳ ሲተከል አብሮ የሚመጣው አደጋ የውሃ ማፍሰስ ነው። የሚገባውና የሚወጣው የውሃ መጠን በየመስመሩ እየተለካ ልዩነት ሲታይ ኃይሉ በራሱ እንዲቋረጥ መደረግ አለበት። ውሃ በፈሳሽ ብረት ላይ ከተኛ ሕጉ አንድ ነው፦ ኃይል ይጠፋል፣ ውሃው ይዘጋል፣ ሰው ይሸሻል፣ ምድጃው ግን አይነቀነቅም። ከላይ የተኛ ውሃ ተንኖ ያልቃል፤ ምድጃው ሲዘነበል ከብረቱ ስር የገባ ውሃ ግን ይፈነዳል።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ፣ ትልቅ ትራንስፎርመር ከትዕዛዝ እስከ ርክክብ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል። አርክ ምድጃ ጅረቱ በየቅጽበቱ ስለሚዘል የአካባቢውን መብራት ያርገበግባል። መስመሩ ደካማ ከሆነ ፋብሪካው ይህን የሚያረጋጋ የማስተካከያ ጣቢያ በራሱ ወጪ መትከል ይኖርበታል። ከኤሌክትሪክ አቅራቢው ጋር ያለው ንግግር ከማሽን ሻጩ ጋር ካለው ቀድሞ ይጀመር።

ክሬን፣ ዓምድና መሠረት

«40 ቶን የነበረውን 50 እናድርገው» የሚል ሐሳብ የሚሞተው እዚህ ነው። 40 ቶን ፈሳሽ የያዘ ላድል ከነጡቡና ከነስላጉ በቀላሉ 70 ቶን ያልፋል። የክሬኑ አቅም 75 ቶን ከሆነ 10 ቶን መጨመር ማለት አዲስ ክሬን፣ ከባድ ክሬን የሚሸከም ሐዲድ፣ ሐዲዱን የሚይዝ ዓምድ፣ ዓምዱ የቆመበት መሠረት ማለት ይሆናል። በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ ይህ ሰንሰለት ከምድጃው የበለጠ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ አዋጪው የዙሩን ክብደት እንዳለ ትቶ የዙሩን ጊዜ ማሳጠር ነው።

የላድል ምድጃ

የድሮው አሠራር ማቅለጡንም ማጣራቱንም አንድ ምድጃ ላይ ያደርግ ነበር። ውድ ትራንስፎርመር ድኝ እስኪወጣና ቅይጡ እስኪስተካከል ድረስ በትንሽ ኃይል ያዘግማል። የላድል ምድጃ ሲተከል ትልቁ ምድጃ ማቅለጥ ብቻ ሥራው ይሆናል። ፈሳሹ በላድሉ ውስጥ ሆኖ ከታች በሚነፋ አርጎን ይነቃነቃል፣ በትናንሽ ኤሌክትሮዶች በደቂቃ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ይሞቃል፣ ድኙም በነጭ የኖራ ስላግ ይወሰዳል። ከፍ ያለው ጥቅም ግን ጊዜን ማስታረቁ ነው፦ ምድጃው ቢዘገይ ወይም መጣያው፣ ማለትም ፈሳሹን ወደ ቢሌት የሚያረጋው ማሽን፣ ቢዘገይ ላድሉ ሳይቀዘቅዝ ይጠብቃል።

የአርጎን መንገድ የሆነው ባለ ቀዳዳ ጡብ ሲደፈን ሁሉም ይበላሻል፤ ከላይ የሚለካው ሙቀት ከታች ካለው ይለያል፣ ቅይጡም አይዳረስም። ላድሉ ከመሞላቱ በፊት ወደ 1,000 ዲግሪ መሞቅ ይኖርበታል። በቀዝቃዛ ላድል የተቀበለ ፋብሪካ ያንን ሙቀት ምድጃው ላይ ከልክ በላይ በማሞቅ ይከፍለዋል፤ ምድጃው ደግሞ በጡብና በኤሌክትሮድ ይከፍለዋል።

መጣያው

ብረትን በኢንጎት፣ ማለትም በተናጠል ቅርጽ ውስጥ በሚረጋ ወፍራም ጉማጅ፣ መጣል ገና ያልተወ ፋብሪካ ካለ ከሁሉ ቀድሞ መቀየር ያለበት ይህ ነው። ኢንጎት ሲረጋ ጭንቅላቱ ላይ ጉድጓድ ይፈጥራል፤ ያ ክፍል ተቆርጦ ይጣላል። ከ100 ቶን ፈሳሽ ከ80 እስከ 85 ቶን ብቻ ለቀጣዩ ሥራ ይተርፋል። ተከታታይ መጣያ ከ95 በላይ ያተርፋል፤ ኢንጎቱን ወደ ቢሌት የሚለውጠውን የመጀመሪያ ድፍጠጣም ያስቀራል።

የመጣያው ፍጥነት ከምድጃው ጋር መናበብ አለበት። 130 በ130 ሚሊ ሜትር ቢሌት በሜትር 132 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በደቂቃ 3 ሜትር የሚወርድ አንድ መስመር 395 ኪሎ ግራም፣ ሦስት መስመር ደግሞ 1.19 ቶን በደቂቃ ይጥላል፤ 40 ቶን ላድል በ34 ደቂቃ ያልቃል። ምድጃው ግን በ60 ደቂቃ አንድ ጊዜ ነው የሚያፈስሰው። መጣያው 26 ደቂቃ ሊጠብቅ አይችልም፤ ተንዲሹ፣ ማለትም በላድሉና በቅርጽ ማውጫው መካከል ያለው ገንዳ፣ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ላድል በኋላ ይቆማል፣ ተንዲሽ ይቀየራል፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቢሌት ጫፍ ይቆረጣል። በሁለት መስመር፣ በደቂቃ 2.6 ሜትር ቢሠራ አንድ ላድል 58 ደቂቃ ይቆያል፤ ያኔ ላድል በላድል ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ሦስት መስመር ያለው ማሽን ለዚህ ምድጃ ትርፍ ወጪ ነበር።

ለተለመደ ፌሮ ብረቱ መርጋት የሚጀምረው 1,510 ዲግሪ አካባቢ ነው። በተንዲሹ ውስጥ ከዚያ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ብቻ ከፍ እንዲል ይፈለጋል። ከዚህ በላይ ከሞቀ የቢሌቱ ቅርፊት ቀጭን ሆኖ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ ይቀደዳል፤ ፈሳሹ በማሽኑ ላይ ይደፋል። ከቀዘቀዘ ደግሞ ቀዳዳው ይደፈናል። መደፈኑ ሁልጊዜ ከቅዝቃዜ አይመጣም፤ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ቅንጣትም ይደፍነዋል። በጠባብ ቀዳዳ ለሚጣል ቢሌት ኦክስጅኑን በአሉሚኒየም ፈንታ በሲሊኮንና በማንጋኒዝ ማውጣት የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ቢሌቱ ካሬ መሆኑ ቀርቶ ወደ አንድ ጎን ከዘመመ መጀመሪያ የሚታየው የቅርጽ ማውጫው የመዳብ ቱቦ መበላትና የውሃ መርጫዎቹ መደፈን ነው፤ አንዱ ጎን ከሌላው ቀድሞ ሲቀዘቅዝ ይጎትተዋል።

ማሞቂያና ሮሊንግ

ቢሌት ከመጣያው ሲወጣ ገና ከ800 ዲግሪ በላይ ነው። አሮጌው ፋብሪካ ግቢ ውስጥ አቀዝቅዞ በማግሥቱ እንደገና 1,150 ዲግሪ ድረስ ያሞቀዋል። ትኩሱን በሮለር መንገድ ቀጥታ ወደ ማሞቂያው ማስገባት ነዳጁን በብዙ ይቀንሳል፤ ለዚህ ግን የመጣያውና የሮሊንጉ ፈረቃ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የቧንቧ ሥራው ቀላል ነው፤ የሁለቱን ክፍል ኃላፊዎች በአንድ ፕሮግራም ማሠራት ነው የሚከብደው።

ማሞቂያው ውስጥ አየር ሲበዛ ነዳጅ ይባክናል፤ የብረቱም ላይ በኦክስጅን ተበልቶ ወደ ዝገት ቅርፊት ይለወጣል። በጭሱ ውስጥ የሚለካው ኦክስጅን ከ1 እስከ 3 በመቶ እንዲሆን ማስተካከል፣ በሩን በደንብ መዝጋትና የሚገባውን አየር በሚወጣው ጭስ ማሞቅ ይበቃል። አንድ በመቶ ቅርፊት ትንሽ ይመስላል፤ በዓመት 300,000 ቶን ለሚያሳልፍ ማሞቂያ ግን 3,000 ቶን ብረት ነው።

ሮሊንጉ ላይ አንድ ሕግ ሁሉንም ይገዛል፦ በእያንዳንዱ ስታንድ፣ ማለትም ብረቱን በሚደፈጥጡት ሮለሮች ማቆሚያ፣ የብረቱ የተቆረጠ ፊት ስፋት በፍጥነቱ ሲባዛ ውጤቱ እኩል ነው። 130 ሚሊ ሜትር ካሬ 16,900 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ 113 ነው። ስለዚህ ሲገባ በሰከንድ 0.1 ሜትር የነበረው ሲወጣ 15 ሜትር ይሆናል። አንዱ ስታንድ ጥቂት ቢዘገይ ብረቱ ተጠማዝዞ ይዘላል፤ ቢፈጥን ተወጥሮ ይቀጥናል። አሮጌ ሚሎች በአንድ ትልቅ ሞተር ብዙ ስታንድ ስለሚያዞሩ ይህን ማስተካከል አይችሉም። ለእያንዳንዱ ስታንድ የራሱ ሞተርና የፍጥነት መቆጣጠሪያ ሲሰጥ፣ አግድምና ቁም ስታንዶች ሲፈራረቁና በመካከል ያለውን ልቅ ብረት የሚያይ መሣሪያ ሲገባ፣ በመቆንጠጫ ቆሞ ብረት የሚቀበል ሠራተኛ ከአደጋው ቦታ ይወጣል።

ከመጨረሻው ስታንድ በኋላ የውሃ ሳጥን መትከል ብዙ ጊዜ ራሱን ቶሎ ይከፍላል። ትኩሱ ፌሮ በግፊት ውሃ ውስጥ ሲያልፍ ላዩ ይጠነክራል፤ ከውስጥ የቀረው ሙቀት ተመልሶ ላዩን ያለሰልሰዋል። በዚህ መንገድ ካርቦኑ ዝቅ ያለ፣ ቫናዲየም ያልተጨመረበት ብረት 500 ሜጋፓስካል ይደርሳል፤ በብየዳም አይሰነጠቅም። መርጫው ከመሃል ከዘመመ የጠነከረው ቀለበት በአንድ በኩል ወፍራም በሌላው ቀጭን ይሆናል፤ ፌሮውም ማቀዝቀዣ አልጋው ላይ ይጎብጣል።

ብናኝና ውሃ

ከአርክ ምድጃ በአንድ ቶን ብረት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራም ብናኝ ይወጣል። ዚንክና እርሳስ ስላለበት እንደ ተራ ቆሻሻ አይጣልም፤ ዚንኩ በቂ ከሆነ የሚገዛው አለ። የጋዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ማጣሪያው ከመድረሱ በፊት በቧንቧው ውስጥ መቃጠል አለበት፤ ሳይቃጠል ከተጠራቀመ ይፈነዳል። ኃይል የሚጨምር ምድጃ ማጣሪያውን እንዳለ ከተወ ጭሱ ጣሪያው ስር ይቀራል።

ከማዕድን የሚጀምሩት

ክፍት ምድጃ ያላቸው ፋብሪካዎች አንድ ዙር ለመጨረስ 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 በኦስትሪያ ሊንዝ በኢንዱስትሪ ደረጃ የተጀመረው ንጹሕ ኦክስጅን የሚነፋበት ምድጃ ይህን ወደ 40 ደቂቃ ገደማ አወረደው። ዛሬ ያለው ጫና ከካርቦን የመጣ ነው፦ በከሰል ኮክ የሚሠራው መንገድ ለአንድ ቶን ብረት 2 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። በዌልስ የሚገኘው ፖርት ታልቦት በኮክ የሚሠራውን የመጨረሻውን ማቅለጫ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ዘግቶ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን በሚያቀልጥ አርክ ምድጃ ሊተካው ጀምሯል። እንዲህ ያለ ለውጥ የሠራተኛውን ቁጥር ይቀንሳል፤ ለመኪና ገላ የሚሆን ስስ ብረት ለመሥራትም መዳብ ያልነካው ቁርጥራጭ ወይም በጋዝ ከማዕድን የተሠራ ብረት መቀላቀል ይጠይቃል።

መዝጊያውና ውሉ

ከተከላው አብዛኛው ፋብሪካው እየሠራ ሳለ መጠናቀቅ አለበት። የቆመባቸው ሳምንታት የሚያስፈልጉት አዲሱን ከአሮጌው ጋር ለማያያዝ ብቻ ነው። አሮጌ ሥዕሎችን ማመን አይገባም፤ ሕንፃው በሌዘር ይለካ፣ መሬት ስር ያሉ ገመዶችና ቧንቧዎች በቁፋሮ ይረጋገጡ። የመቆጣጠሪያ ፕሮግራሙ ከመግባቱ በፊት በሐሰተኛ ምልክት ይፈተን። ከሥራ ጅማሮው በኋላም የታቀደው መጠን ላይ ለመድረስ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ማሰብ ይሻላል።

ውሉ ላይ «350 ኪሎዋት ሰዓት በቶን» የሚል ዋስትና ሲጻፍ ከጎኑ መስፈርቱ ይጻፍ፦ በየትኛው ቁርጥራጭ፣ በሜትር ኩብ ስንት ቶን፣ በስንት ሜትር ኩብ ኦክስጅን፣ በስንት ዲግሪ ሲፈስ፣ ስንት ተከታታይ ዙር ሲለካ። ሻጩ የሚያረጋግጠው በንጹሕ ቁርጥራጭ ከሆነ፣ ፋብሪካው ደግሞ በየቀኑ የሚጭነው አፈርና ኮንክሪት የተቀላቀለበት ከሆነ፣ ቁጥሩ በፈተናው ሳምንት ተገኝቶ በቀጣዩ ሳምንት ይጠፋል። ፈተናው ፋብሪካው በተራ ቀን በሚጠቀመው ቁርጥራጭ ይደረግ፤ የመጨረሻው ክፍያም እስከዚያ ይቆይ።